ወጣቶቻችንና ኢንተርኔት፤ ከአርብ ገበያ ሲታይ

በታች ጋይንት ወረዳ የምትገኘው የአርብ ገበያ ከተማ ስሟን ያገኘችው ከገበያዋ ቀን ነው። አባቶቻችን ቦታን በገበያው ቀን ሲሰይሙ በከንቱ አላደረጉትም። ገበያ እህልና ከብት የሚሸጥበት፣ ጨውና በርበሬ የሚገዛበት ስፍራ ብቻ አልነበረምና። የራቀ ዘመድ የሚገናኝበት፣ አዋጅ የሚነገርበት፣ መርዶ የሚሰማበት፣ ሽማግሌ ተቀምጦ የተጣላውን የሚያስታርቅበት ታላቅ ሸንጎ ነበር። ከቆላው ከበሽሎ ዳር የወጣውና ከደጋው የወረደው ገበሬ የሳምንቱን ወሬ በአንድ ቀን ተለዋውጦ ሲመሽ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። የቀሩት ስድስት ቀናት የሥራና የጸሎት፣ የሰማውንም ነገር በልቡ እያመላለሰ እውነቱን ከሐሰቱ የሚለይባቸው ቀናት ነበሩ።

ዛሬ ግን ከዚያ ገበያ ጎን ሌላ ገበያ ተተክሏል። ይህ ገበያ የታወቀ ቀን የለውም፤ ሲመሽም አይፈታም። በኪስ ይያዛል፤ በመኝታ ላይ ይከፈታል፤ የዓለም ሕዝብ ሁሉ በአንድነት ይጮኽበታል። ስሙም ኢንተርኔት ይባላል። ወደዚህ ገበያ አዘውትረው የሚወጡት ወጣቶቻችን ስለሆኑ፣ እነርሱ ስለ ነገሩ ምን ያስባሉ? ወደፊትስ ምን ተስፋ ያደርጉበታል? እኛ ወላጆችስ ምን ልናደርግ ይገባናል? የሚለውን ከውድ አንባቢዎቻችን ጋር ልንመለከተው ወደድን።

የነገሩ መነሻ

ኢንተርኔት ማለት በአጭር ቃል በዓለም ዙሪያ ያሉ ኮምፒዩተሮች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት መረብ ማለት ነው። በጋይንት ያለ አንድ ወጣት በእጅ ስልኩ አንድ ቃል ቢጽፍ ቃሉ በአየር ሞገድ ወደ ቅርቡ የስልክ ምሰሶ ይሄዳል። ከዚያም ከጣቢያ ወደ ጣቢያ ተላልፎ፣ እንደ ጠጉር በቀጠነ የመስታወት ክር ውስጥ በብርሃን ተጭኖ ይጓዛል። አገራችን የባሕር በር የላትምና በጂቡቲ ወይም በሌሎች ጎረቤቶቻችን በኩል አልፎ፣ በባሕር ወለል በተዘረጋ ገመድ አውሮፓና አሜሪካ ይደርሳል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ነገሩ በአሜሪካ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1969 ዓ.ም. ጥቂት ኮምፒዩተሮችን በማገናኘት ተጀመረ፤ ወደ አገራችንም በ1989 ዓ.ም. ገባ።

አዲስ ነገር ሲመጣ መደንገጥ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በዳግማዊ አጼ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1880ዎቹ ዓመታት፣ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚሆን የስልክ መስመር ሲዘረጋ፣ ሰው በሌለበት የሰው ድምፅ መሰማቱ የሰይጣን ሥራ ነው ተብሎ ብዙ እንደታማ እስከ ዛሬ ይተረካል። ዛሬ ግን በዚያው ስልክ ቄሱ ስለ ክርስትና ቀጠሮ ይነጋገሩበታል፤ እናት በዐረብ አገር ያለች ልጇን ድምፅ ትሰማበታለች። ከዚህም የምንማረው መሣሪያው በራሱ ሰይጣን እንዳልሆነ፣ መልአክም እንዳይደለ ነው።

ወጣቶቹ እንዴት ያዩታል?

ወጣት ሁሉ ኢንተርኔትን በአንድ ዓይን ያየዋል ብሎ መናገር ስሕተት ነው። በየቤታችን የምናውቃቸውን ልጆች ሐሳብ ብንለየው አራት ዓይነት ሆኖ እናገኘዋለን።

ፊተኞቹ ኢንተርኔትን እንደ እርሻ የሚያዩት ናቸው። የጋይንትና የስማዳ ምድር በተደጋጋሚ ድርቅ የተጎዳ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ታች ጋይንትም በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ርዳታ ከሚደርሳቸው ወረዳዎች አንዱ ነው። የአባት መሬት ለወንድማማች ሲከፋፈል ለታናሹ ልጅ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ስለዚህ ወጣቱ ወይ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ይወርዳል፤ ወይ ወደ ከተማ ይሰደዳል፤ ወይ ከዚያ የራቀውን ባሕር ለመሻገር ያስባል። ለእንደዚህ ያለው ልጅ ኢንተርኔት በሬና ማሳ የማይሻ እርሻ ሆኖ ይታየዋል። ቋንቋ ልማርበት፣ ሙያ ልቅሰምበት፣ ከቤቴ ሳልወጣ ለሩቅ ሰው ሠርቼ ልብላበት ይላል። መንግሥትም በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ለ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን የኮምፒዩተር ሙያ በኢንተርኔት ለማስተማር እቅድ ማስጀመሩ ይህን ተስፋ አበርትቶታል። ከ2013 ዓ.ም. ግንቦት ወር ወዲህም ቴሌብር በሚባለው ዘዴ ገንዘብ በስልክ መላክ ስለተቻለ፣ ስልክ የወሬ መሣሪያ ብቻ እንዳልሆነ ወላጆችም አይተዋል።

ሁለተኞቹ እንደ መሸሻ የሚያዩት ናቸው። ቤት ውስጥ የሚያነጋግረው ያጣ ልጅ፣ ፈተና ወድቆ አንገቱን የደፋ ወጣት፣ ሥራ ፈትቶ የሚውል ጎረምሳ ስልኩን ከፍቶ በሰው ሣቅ ይስቃል፤ በሰው ሕይወት ይኖራል። ለነገ ምን ታስባለህ? ቢሉት መልስ የለውም፤ ዛሬን ማሳለፍ ብቻ ይፈልጋልና። ከእነዚህም መካከል በስፖርት ውርርድ ገንዘቡን የሚያጠፋ፣ ለዓይን በማይገባ ሥዕል ልቡን የሚያሳድፍ አለ።

ሦስተኞቹ ተጠራጣሪዎች ናቸው። እነዚህ ኢንተርኔት ያየነው ነው የሚሉ፣ ስድቡና ጥላቻው ያስመረራቸው፣ ወይም ተስፋ ባደረጉበት ጊዜ የተቋረጠባቸው ናቸው። ወደፊት ይህ ነገር ይጠቅመናል ብለው ለመናገር ይፈራሉ።

አራተኞቹ ግን ብዙ ጊዜ የምንረሳቸው ናቸው። እነርሱም ገና ያልደረሰላቸው ናቸው። በ2016 ዓ.ም. የወጡ ግምቶች እንደሚያሳዩት በአገራችን ኢንተርኔት የሚጠቀመው ከመቶ ሰው 20 ያህሉ ነበር፤ በዓለም ግን በዚያው ዘመን ከ3 ሰዎች 2ቱ ይጠቀሙ ነበር። ከከተማው ርቃ በገደል አፋፍ የምትኖር፣ ውሃ ቀድታና እንጨት ለቅማ የምትመለስ ልጃገረድ ስለ ኢንተርኔት ያላት ሐሳብ ወንድሟ ከነገራት አያልፍም። ስለ ወጣቶች ሐሳብ ስንናገር የእርሷን ዝምታ እንደ ስምምነት መቁጠር አይገባንም።

መረቡ በተቋረጠ ጊዜ

የአገራችን ወጣት ስለ ኢንተርኔት የወደፊት ዕድል ሲያስብ የብዙ አገር ወጣት የማያስበውን አንድ ነገር ያስባል፤ ይኸውም መቋረጡን ነው። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በኢንተርኔት ተሰራጭቶ ከተሰረዘ በኋላ፣ ፈተናው በድጋሚ ሲሰጥ ማኅበራዊ መገናኛዎች ተዘግተው ነበር። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ወር መጨረሻ በአገሪቱ ሁከት በተነሣ ጊዜ ለሳምንታት ተቋረጠ። በትግራይ ከ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ጀምሮ ጦርነቱ ባለበት ዘመን ኢንተርኔት ጠፍቶ፣ ስልክም በአብዛኛው ተቋርጦ፣ ልጅ ስለ እናቱ፣ እናት ስለ ልጇ ሳትሰማ ለረጅም ጊዜ ቆየች።

በ2015 ዓ.ም. በጥርና በየካቲት ቤተ ክርስቲያናችን ከሕገ ወጡ ሢመተ ጳጳሳት የተነሣ የደረሰባትን ፈተና ማናችንም አንረሳውም። በዚያን ጊዜ የቅዱስ ሲኖዶስ ድምፅ ወደ ምእመናን ከደረሰባቸው መንገዶች አንዱ ኢንተርኔት ነበር፤ ወጣቶቻችንም ጥቁር ለብሰው በነነዌ ጾም ምህላ ሲቆሙ በዚሁ መንገድ እርስ በርሳቸው ተጽናኑ። ከየካቲት መጀመሪያ ጀምሮ ግን ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘጉ፤ የተከፈቱትም ከ5 ወር በኋላ በሐምሌ ነው። ከዚያም ብዙ ሳይቆይ በዚያው በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ወራት የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ በክልሉ ብዙ ስፍራዎችም ወደ አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሳይመለስ ቀረ። በግጭቱ ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶችም ተዘግተው ነበርና፣ ልጆቻችን መምህሩንም መረቡንም በአንድ ጊዜ አጡ።

ኢንተርኔትን የሚዘጉ ባለሥልጣኖች ሁከትንና ሐሰተኛ ወሬን ለመከላከል እንደሆነ ይናገራሉ። ወሬ ሰው እንደሚገድል እኛም አንክድም። ነገር ግን የጎርፉን መንገድ ለመዝጋት ሲባል ምንጩ ሁሉ ቢደፈን፣ የሚጠማው ጎርፉን ያመጣው ሰው ብቻ አይደለም። በሽተኛ ልጇን ያስታመመች እናት፣ ከውጭ ዘመድ ርዳታ የሚጠብቅ አባት፣ ትምህርቱን በእጅ ስልኩ ይከታተል የነበረ ተማሪ ሁሉም ይጠማሉ። ወጣቱም ከዚህ የተማረው ትምህርት ከባድ ነው፤ የዘራሁበት ማሳ ነገ የእኔ መሆኑን በምን አውቃለሁ? ይላል። ተስፋውን በመረቡ ላይ ብቻ የሠራ ወጣት፣ መረቡ በተቋረጠ ቀን ተስፋው አብሮ ተቋረጠ።

ጥፋቱ ከየት ነው?

የገበያውን ምሳሌ እንደገና እናንሣ። በአርብ ገበያ ሚዛን ያጓደለ ነጋዴ በሚቀጥለው አርብ ከገዢው ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል። ሐሜተኛም ያማውን ሰው በመንገድ ያገኘዋል። ስለዚህ ሰው ምላሱን ይገታል፤ ይሉኝታ ይይዘዋል። በኢንተርኔት ገበያ ግን ሰው ፊቱን ሸፍኖ፣ ስሙን ለውጦ ይናገራል፤ የተናገረውም ቃል ሳምንት ሳይጠብቅ በአንድ ሰዓት ሺህ ቤት ይገባል። ከዚህም በላይ የገበያው ባለቤቶች ትርፋቸውን የሚያገኙት ሰው በገበያው ብዙ ጊዜ በመቆየቱ ነው፤ ሰውን ደግሞ ከሰላም ወሬ ይልቅ የጠብ ወሬ ያቆየዋልና፣ መሣሪያው ቁጣን የሚያነሣውን ነገር ደጋግሞ ሊያሳየው ይችላል።

የዚህ ጥፋት ዋጋ በምላስ ብቻ የሚቀር አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ወር በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ፣ በትውልዳቸው ምክንያት ስማቸውና ፎቶግራፋቸው በፌስቡክ በክስ ቃል ከተሰራጨ በኋላ በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸውም በፌስቡክ ባለቤት ኩባንያ ላይ በናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ክስ መሥርቷል። በ2012 ዓ.ም. የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ሥርጭት የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 1185 በአገራችን ወጥቶ ነበር፤ አዋጅ ግን የልብን በር አይጠብቅም። ወንድሙን የሚያስገድል ቃል ሲተላለፍለት፣ ለሌላው ያስተላለፈ እጅ የማን ነው? ያ እጅ ማተብ ያሰረ የእኛ ልጅ እጅ ቢሆንስ? ወላጆች በዚህ ጥያቄ ላይ በብርቱ እንድናስብ ያስፈልጋል።

በትምህርትም በኩል እንዲሁ ነው። ፈተና ከመረብ ላይ ይገኛል ብሎ የተስፋፋ ልጅ መጽሐፉን ይጥላል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር በተሰጠበት በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ ከተፈተኑት ከመቶው 3.3 ያህሉ ብቻ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ማግኘታቸው ተገልጧል። የዚህ ውድቀት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጦርነቱም፣ የመጽሐፍ እጦቱም፣ የትምህርቱ ድካምም አለበት። ይሁን እንጂ ኩረጃ ለስንት ዓመት ሸፍኖት እንደኖረ ያን ቀን ታየ።

ከቤተ ልሔም የሚገኝ ምክር

ጋይንት ስለዚህ ነገር ለራሷ ልጆች የምትመሰክረው የቆየ ምስክርነት አላት። የድጓ ማስመስከሪያ ቤተ ልሔምና የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ዙር አባ በጋይንት ምድር የሚገኙ ናቸውና። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን ይዞ፣ ቁራሽ ለምኖ እያደረ፣ ከየኔታ እግር ሥር ዓመታት ተቀምጦ የቅዱስ ያሬድን ዜማ በቃሉ ይይዛል፤ ድጓውንም በገዛ እጁ ይጽፋል። እንዲህ የተማረውን ቀለም ማንም አይዘጋበትም፤ መብራት ቢጠፋ አይጠፋም፤ ካርድ አይሞላለትም።

ይህን ስንል ግን አባቶቻችን አዲስ ዘዴን ይንቁ ነበር ማለታችን አይደለም። በአጼ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት እንዳደራጁ በታሪክ ይነገራል። ከግራኝ ጦርነት በኋላ ሊቃውንት አልቀው፣ መጻሕፍት ተቃጥለው በነበረበት ዘመን ያ ምልክት አዲስ ዘዴ ነበር፤ ዜማውንም ከመጥፋት አዳነው። አባቶች አዲሱን ዘዴ የተቀበሉት መምህሩን እንዲተካ ሳይሆን መምህሩን እንዲያግዝ ነው። ልጆቻችንም የየኔታን ድምፅ በእጅ ስልክ ቀርፀው ቢያዳምጡ መልካም ነው፤ ሲሳሳቱ የሚያርማቸው ግን ስልኩ ሳይሆን የኔታ ነው።

ሌላም ምሳሌ አለ። በ1860 ዓ.ም. አጼ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ታላቁን መድፍ ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ የተጓዙት በዚሁ በጋይንት በኩል ነበር። መቅደላ በወደቀ ጊዜ እንግሊዞች ከወሰዱት ቅርስ መካከል 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ዛሬ በሎንዶን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ቤተ መጻሕፍቱም ከእነዚህ ብዙዎቹን ፎቶግራፍ አንሥቶ በኢንተርኔት ሲያወጣቸው፣ የጋይንት ልጅ በአያቶቹ ደጅ ያለፈውን ታሪክ ቅርስ በእጁ መዳፍ ላይ ለማየት ቻለ። በአሜሪካ በሚኔሶታ ያለው የገዳም ቤተ መጻሕፍትም በፈረንጆች በ1973 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የአገራችንን መጻሕፍት በፊልም ሲያነሣ ቆይቶ በኢንተርኔት ለንባብ አውጥቷል። ይህ የሚያስደስት ነገር ነው። ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ሌቦች በብሪቲሽ ላይብረሪ የኮምፒዩተር መረብ ላይ በጣሉት አደጋ ምክንያት እነዚያ ሥዕሎች ለረጅም ጊዜ ከዕይታ ጠፍተው ነበር። ከትንሹ መንደር እስከ ትልቁ ከተማ መረብ ተሰባሪ ነው፤ ስለዚህ ብራናው በዕቃ ቤቱ፣ ቀለሙም በሰው ልብ ውስጥ መኖር አለበት።

ስለ ወደፊቱ

የወደፊቱ ኢንተርኔት ካለፈው የተለየ እንደሚሆን ምልክቱ ታይቷል። ለሰው ጥያቄ በአማርኛ ሳይቀር መልስ የሚሰጡ፣ ደብዳቤ የሚጽፉ፣ ሥዕል የሚሥሉ መሣሪያዎች መጥተዋል፤ ስሙንም ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሉታል። ከወጣቶች አንዳንዱ ሥራ ሳላገኝ ሥራዬን ይወስድብኛል ብሎ ይሰጋል፤ አንዳንዱም መምህር ባጣሁበት አገር መምህር ይሆነኛል ብሎ ተስፋ ያደርጋል። ሁለቱም በከፊል እውነት አላቸው። መሣሪያው የሚናገረው ሰዎች ጽፈው ካኖሩት ተምሮ ነውና፣ የእኛ ልጆች ምንም ካልጻፉ ስለ እኛ የሚናገረው ሌላው ሰው የጻፈውን ይሆናል። የግዕዝ ፊደላችን በፈረንጆች በ1999 ዓ.ም. ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደል ሥርዓት ውስጥ ስለገባ፣ በፊደል በኩል ምክንያት የለንም። የአርብ ገበያ ልጅ ስለ አገሩ አዝመራ፣ ስለ ደብሩ ታሪክ፣ ስለ አያቱ ተረት በጥሩ አማርኛ ቢጽፍ፣ ለዓለም ገበያ የራሱን እህል ይዞ ወጣ ማለት ነው። ባዶ እጁን ወደ ገበያ የሚወጣ ሰው ግን የሌላውን ዕቃ ሲያይ ውሎ ባዶ እጁን ይገባል።

ለወላጆች

ወላጆች ሆይ፤ ልጅን ስልክ ነጥቆ በመምታት ከዚህ ገበያ ማስቀረት አይቻልም፤ በጎረቤት ስልክ ያየዋልና። ይልቁንስ አብረነው እንውጣ። ልጁ ምን እንደሚያይ፣ ከማን ጋር እንደሚነጋገር በቁጣ ሳይሆን በፍቅር እንጠይቀው፤ የማናውቀውንም እርሱ ያስተምረን። ልጅ አባቱን ማስተማሩ ክብሩን አይቀንስበትም፤ የልጁን አፍ ይከፍትለታል እንጂ። ለቤታችንም ሥርዓት እናብጅለት፤ በማዕድ ጊዜ፣ በጸሎት ጊዜ፣ ከመኝታ በፊት ስልክ ይቀመጥ። ይህ ሥርዓት ለልጅ ብቻ አይሁን። ቡና እየተፈላ አባት በስልኩ የጠብ ወሬ እያየ ልጁን ተው ቢለው፣ ልጁ ቃሉን ሳይሆን ሥራውን ይከተላል። በጾም ወራት ከሥጋና ከወተት የሚከለከል ሰው፣ ዓይኑንና ጣቱንም ከሐሜት ቢከለክል ጾሙ ሙሉ ይሆንለታል።

ልጆቻችንንም ሦስት ጥያቄ እናስታጥቃቸው። አንድ ወሬ ሲደርስህ፣ እውነት መሆኑን በምን አወቅህ? ለሌላው ብታስተላልፈው ማንን ይጠቅማል? የተነገረበት ሰው በፊትህ ቢቆም ይህንኑ ቃል ደግመህ ትናገረዋለህን? ለእነዚህ መልስ ያጣ ወሬ በእጁ ላይ ይሙት። የሰንበት ትምህርት ቤቶችም ስለዚህ ነገር ከዓመት አንድ ቀን ሳይሆን አዘውትረው ቢያስተምሩ፣ መረቡ ቢቋረጥም የሚነበቡ መጻሕፍትን በየደብሩ ቢያከማቹ ታላቅ ጥቅም ይሆናል። ለሚያስተዳድሩንም የምንለው፣ መብራትና መረብ ለገጠሩ ልጅ እንደ ውሃና እንደ መንገድ እንዲታሰቡለት፣ በጥቂቶች ጥፋትም ብዙዎች እንዳይቀጡ ነው።

በአርብ ገበያ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ገበያተኛው ዕቃውን ጭኖ፣ ለልጆቹ የገዛውን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ገበያ ውሎ ገበያ የሚያድር ሰው ቤት እንደሌለው ይቆጠራል። ልጆቻችንም በዚህ ማታ በማይፈታው ገበያ የሚጠቅማቸውን ገዝተው፣ ያላቸውን ሸጠው፣ ሲመሽ መመለስ እንዲያውቁ እናስተምራቸው። እነርሱ ሲመለሱም የሚቀበላቸው የሞቀ ቤት፣ የሚሰማቸው ወላጅ፣ የተከፈተ ደጀ ሰላም ይቆያቸው። ለዚህም የአባቶቻችን አምላክ ማስተዋልን ያድለን፤ አሜን።